ፈረሱ ከነጆሮው

ፎቶ ቤት የገባ ሁሉ «ጉርድ ነው ሙሉ?» ተብሎ ተጠይቋል። ጉርድ ካለ ከደረቱ በላይ ይነሣል፤ ለመታወቂያና ለሥራ ማመልከቻ የሚሆነው እሱ ነው። ሙሉ ካለ ከነጫማው ይገባል፤ ያ ደግሞ ለአልበምና ለግድግዳ ነው። የፎቶ አንሺነት ሙያ ግማሹ በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ አለ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ የት ላይ ይቆረጥ። ሰው ተጠይቆ ይነሣል። ለእንስሳ ግን የሚጠይቅለት የለም።

ይህን ነገር ልብ ያልኩት ደንዲ ላይ ነው። ደንዲ በምዕራብ ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ከተማው ጊንጪ። ከጊንጪ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሽቅብ ሲወጣ የደንዲ ሐይቅ ይገኛል። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ሁለት ውኃ መሐል ላይ ተገናኝቶ የ8 ቁጥርን የሚመስል ሐይቅ ነው። አፋፉ ላይ የቆመ እንግዳ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ አይመለስም። ከሐይቁ ቀጥሎ የሚነሣው ደግሞ ፈረሱ ነው።

እኔም አነሣሁ። አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረሳቸውን በልጓም ይዘው ቆመዋል። ሁለት እርምጃ ቀርቤ ፊቱን ስክሪኑ ሙሉ አድርጌ አነሣሁና አሳየኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት፤ ትንሽ ቆዩና «ልጄ፣ ጆሮው የት ሄደ?» አሉኝ። አየሁት፤ ከግማሹ ተቆርጧል። «አባቴ፣ ፊቱን ላቅርብ ብዬ ነው» አልኳቸው። «በጆሮው እኮ ነው የሚናገረው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የፈረስ ጆሮ ወደፊት ከቆመ አንድ ነገር አይቷል ወይም ሰምቷል፤ ወደኋላ ተጣብቆ ከተኛ ተቆጥቷል፤ ዘንበል ብሎ ከላላ ዐርፏል። ዓይኑ ብቻውን ይህን ሁሉ አይነግረንም። ጆሮ የሌለበት የፈረስ ፎቶ ፈረሱ ምን ይሰማው እንደነበር አይናገርም።

ከዚያ ሽማግሌው ራሳቸው ፈረሱን አቆሙልኝ። ሣሩ አጠር ወዳለበት ወሰዱት። ጋማውን ወደ አንድ ጎን አስተኙት። አንድ እርምጃ ወደፊት ስበው አራቱም እግሮች አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን እንዲታዩ አደረጉ። የፈረስ ፎቶ የሚያነሡ የውጭ አገር ባለሙያዎችም ለሽያጭና ለመዝገብ ፈረስን የሚያቆሙት ልክ እንዲህ ነው፤ ለአንሺው የቀረበው የፊት እግር ወደፊት ቀደም፣ የቀረበው የኋላ እግር ወደኋላ ቀረት ይላል። ሽማግሌው ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ፈረስ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ዓይናቸው የሚፈልገውን ያውቃል።

በሌላው ዓለም የቤት እንስሳ ፎቶ ሲባል ሶፋ ላይ የተጋደመ ውሻና መስኮት ላይ የተቀመጠች ድመት ይታሰባል። በእኛ አነጋገር ግን የቤት እንስሳ በሬውም ላሟም አህያውም ነው፤ በዚህ ደጋ ደግሞ ፈረስ ከሁሉም ይቀድማል። በዚህ አገር ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ተጠርቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መቻል ይባሉ ነበር። በአማራ ክልል የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ስሙን ለጌታው የሰጠ እንስሳ ፎቶ ሲነሣ ከወገቡ መቆረጡ ቅር ያሰኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። መቁረጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ገና ስልኩን ስናነጣጥር ነው፤ ፍሬም የምንለው። ሁለተኛው ከተነሣ በኋላ በጣት ጎትተን የምናደርገው ነው፤ ክሮፕ። ሁለተኛውን ዋናው ፎቶ ካልጠፋ መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው አይመለስም፤ ያልገባ ጆሮ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ በማንሣት ጊዜ ለጋስ መሆን፣ ዙሪያውን ትንሽ ሜዳ መተው ይሻላል። ቆጣቢነቱ ቤት ገብቶም ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በርቀት ላይ ነው። ከፈረስ አፍንጫ እስከ ዓይኑ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል እንበል። ስልኩን ከአፍንጫው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብንይዘው ዓይኑ 80 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ አፍንጫው በእጥፍ ገዝፎ ይወጣል፣ ዓይኑ ያንሳል፣ ጆሮው ከኋላ ይጠፋል። 3 ሜትር ብንርቅ ግን አፍንጫው በ3 ሜትር፣ ዓይኑ በ3.40 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ከመቶ 13 ያህል ብቻ ነው፣ ፊቱም ባለቤቱ የሚያውቀው ፊት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መፍትሔው በእግር ወደኋላ ማለት ነው። ስልኩ የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በዚያ ማቅረብ ይቻላል። እንዲህ ያለ ሌንስ ከሌለው ግን በጣት ዘርግቶ ማቅረብ ያው ክሮፕ ማድረግ ነው፤ የሚጨምረው ነገር የለም።

መራቁ ለፈረሱም ደግ ነው። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስላሉ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ከጭራው ኋላ ያለውንና ከግንባሩ ፊት በጣም የቀረበውን ነው። አፍንጫው ሥር የተደቀነ ስልክ የማያየው ቦታ ላይ የመጣ ነገር ስለሆነ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ይሸሻል። ከትከሻው በኩል፣ እያየን፣ ድምፃችንን እያሰማን መቅረብ ነው ያለብን።

ቁመትም አለ። የአገራችን ፈረስ ትከሻው ላይ 1.30 ሜትር አካባቢ ነው። ትልቅ ሰው ስልኩን በዓይኑ ልክ ሲይዝ ጀርባውን ከላይ ወደታች ያየዋል፤ ሆዱ ይሰፋል፣ እግሩ ያጥራል። ጎንበስ ብሎ ስልኩን በፈረሱ ደረት ልክ ማውረድ ይበቃል። የደንዲ እረኛ ልጆች የሚያነሡት የፈረስ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከትልቆቹ የሚሻለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቁመታቸው ራሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

የት ይቆረጥ ለሚለው ባለሙያዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ መገጣጠሚያ ላይ አይቆረጥም። ጉልበት ላይ ወይም ከሰኮና በላይ ባለው ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ፎቶ እንስሳው እግሩን ያጣ ያስመስለዋል። ጉርድ ከሆነ በቁርጥ ጉርድ ይሁን፤ አንገቱ ከነጋማው ገብቶ ደረቱ ላይ ይቁም። ሙሉ ከሆነ ደግሞ ሰኮናው ከሥሩ ካለው መሬት ጋር ይግባ። ረጅም ሣር ውስጥ የቆመ ፈረስ ማንም ሳይቆርጠው የተቆረጠ ይመስላል፤ ሽማግሌው ወደ አጭሩ ሣር የወሰዱት ለዚህ ነበር። ፈረሱ ወደሚያይበት በኩል ደግሞ ከኋላው ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ መተው ጥሩ ነው፤ አፍንጫው የፎቶው ጠርዝ ላይ ሲጣበቅ ግድግዳ የገጠመው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ያከበደው ስልክን አቁሞ የማንሣት ልማድ ነው። ስልክ ለቁመት የተሠራ ነው፤ ቲክቶክም ቁመት ይወዳል። ፈረስ ግን አንገቱንና ጭራውን ጨምሮ ወደ ጎን የሚረዝም እንስሳ ነው። የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ስልኩ ተጋድሞ ሲነሣ 4000 በ3000 ነጥብ ይሆናል። ያን በ9 ለ16 ቀጥ ባለ ቅርጽ ብንቆርጠው ከወርዱ የሚተርፈው 1687 ያህል ነው፤ ከመቶ 58 እጁ ይጣላል። ከ58ቱ ውስጥ ወይ ጭራው ወይ ራሱ አለበት። ፈረስን ስልኩን አጋድመን አንሥተን የግድ መቁረጥ ካለብን አራቱም ጎን እኩል በሆነ ቅርጽ ብንቆርጠው ይሻላል።

ፈረስ በጎኑ ሙሉውን መታየት እንዳለበት የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። በእነሱ ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጢአተኛ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስ ግን በጎን፣ ከነኮርቻው፣ ከነሰኮናው ሙሉውን ይታያል። ለሰው ነውር የሆነው የአንድ ዓይን ሥዕል ለፈረስ ክብሩ ነው፤ ዓይኑ በጎኑ ነውና። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት የሚያነሡ ሰዎችም ንጉሠ ነገሥቱን ለማቅረብ ብለው ፈረሱን ሆዱ ላይ ይቆርጡታል። ያን ጊዜ በኋላ እግሮቹ መቆሙ አይታይም፤ የሐውልቱ ኃይል ግን ያለው እዚያ ነው።

በ1878 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚጋልብ ፈረስን በተርታ በቆሙ 12 ካሜራዎች ያነሣው አንድ ክርክር ለመፍታት ነበር፤ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚለቅበት ጊዜ አለ ወይ? አለ፤ እግሮቹ ሆዱ ሥር በተሰበሰቡበት ቅጽበት ነው። እግሩ ከፍሬም ውጪ ቢቀር ኖሮ መልሱም አብሮ ይቀር ነበር።

ለውሻና ለድመት ብዙ አልልም። መሬት ላይ መቀመጥ፣ ስልኩን በዓይናቸው ልክ ማድረግ፣ ጆሮና ጭራ ማስገባት ይበቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይወዱት የነበረውን ትንሹን ውሻ ሉሉን ዛሬ ከእሳቸው ጋር የምናየው ፎቶ አንሺዎቹ ጉርድ ብቻ ስላላነሡ ነው። ሁሉም ጉርድ ቢነሣ ኖሮ ሉሉ ከፎቶው ይቀር ነበር።

መቁረጥ እውነትን የሚነካበት ቦታም አለ። ዛሬ ፈረስና በሬ የሚሸጥ ሰው ፎቶውን በቴሌግራም ይልካል። እግር የሌለበት ፎቶ የደረሰው ገዢ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ሙሉውን ይጠይቅ። ጀርባውን የቆሰለ፣ ገጣባ የሆነ ፈረስን ቁስሉ እንዳይታይ ቆርጦ ለእንግዳ ማስታወቂያ ማዋል ደግሞ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ቁስል በፎቶ መነሣት ያለበት ለእንስሳት ሐኪም ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከሩቅ ሙሉ ሰውነቱ፣ አንዴ ከቅርብ ቁስሉ። የቁስሉ ብቻ ከተላከ የት እንዳለ ሐኪሙ ሊያውቅ አይችልም።

የሽማግሌውን ዳማ ሁለተኛ ያነሣሁት አራት እርምጃ ርቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ስልኩን አጋድሜ ነው። ጆሮዎቹ ወደ ሐይቁ ቆመዋል፤ አራቱም ሰኮና ሣሩ ላይ ነው። አይተው «አሁን ፈረስ ሆነ» አሉኝ።

ደንዲ ወይም ሌላ ቦታ ወጥታችሁ የሰው ፈረስ ካነሣችሁ ለራሳችሁ እንደፈለጋችሁ ቁረጡት፤ ለባለቤቱ ግን ያልተቆረጠውን ላኩለት። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑን ያሳንሰዋል፣ ለማሳጠብም አይመችም።