እውነት ወይስ ተረት? ካውቦይና ጭራቅ

ተረት፦ ካውቦይን ከዞምቢ ጋር ያገናኙት የዘመኑ የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች ናቸው።

እንዲህ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን፦ አንዴድ ናይትሜር»ን ይጠራል። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው ይህ ጌም ዋና ገጸ ባሕርዩን ጆን ማርስተንን ከመቃብር ከተነሡ ሙታን ጋር ያፋጥጠዋል። የካውቦዮችን ዓለም ከእንግዳ ፍጡራን ጋር ማገናኘቱ ግን የቆየ ነገር ነው። ኤድዋርድ ኤሊስ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የብረት ሰው ጋሪ እየሳበ በአሜሪካ ሜዳ ሲሮጥ በልቦለድ ያሳየው በ1868 ነው፤ የካውቦዮቹ ዘመን ራሱ ገና ሳይገባደድ! በ1932 ደግሞ ሮበርት ኢ. ሃዋርድ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ጉብታ የቆፈረ የቴክሳስ ካውቦይ ቫምፓየር ሲቀሰቅስ ጻፈ። ከሁሉ የሚያስቀው የ1935ቱ ተከታታይ ፊልም ነው፦ ዘፋኙ ጂን ኦትሪ ከምድር በታች ካለ ባለሮቦት መንግሥት አምልጦ ለሬዲዮ ዝግጅቱ ለመድረስ ይሯሯጣል።

ጌሞችም አልዘገዩም። በ1979 የታተመው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ «ቡት ሂል» የተባለውን የካውቦይ ጨዋታ ባለሽጉጦች ወደ ጠንቋዮችና ዘንዶዎች ዓለም የሚያሻግር ደንብ ነበረው።

ተረት፦ ጭራቁ ለጌጥ ነው፤ ከሥሩ ያው ተኩስ ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ልብስ ብቻ የቀየረ ጌም ሞልቷል። ሼን ሄንስሊ በ1996 ያወጣው «ዴድላንድስ» ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። «ሃክስተር» የሚባለው ቁማርተኛ አስማተኛ ድግምቱን የሚያገኘው ከክፉ መናፍስት ጋር ፖከር ተጫውቶ ሲሆን፣ ተጫዋቹም የእውነት ካርታ ይስባል። የደረሰው ካርታ ጥሩ ከሆነ ድግምቱ ይሠራል፤ ካልሆነ ይከሽፋል። ጥቁሩ ጆከር ከወጣ ግን መዘዙ በራሱ በአስማተኛው ላይ ሊዞር ይችላል። ጠብ ሲነሣ ማን ቀድሞ እንደሚተኩስ የሚለየውም በካርታ ነው። ከዚህ ጨዋታ የመጠጥ ቤቱን ቁማር ብታወጡት አስማቱም አብሮ ይሄዳል። በእኔ ግምት ከዚህ የተዋሐደ ቅልቅል እስካሁን አልተሠራም።

መጀመሪያ ሲወጣ በ1895 የሉዊዚያና ረግረግ ውስጥ ይካሄድ የነበረው «ሀንት፦ ሾውዳውን» የተባለው የቪዲዮ ጌም ደግሞ በድምፅ ያስፈራል። የዘመኑ ጠመንጃ ጥይት ለመሙላት ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ተኩስ ሌሎቹን ጭራቅ አዳኝ ተጫዋቾች ይጠራል። በጌሙ ያሉት ተንቀሳቃሽ ሬሳዎች ባያገኟችሁ እንኳ የቁራ መንጋ ካስደነገጣችሁ ያላችሁበት ይታወቃል።

ተረት፦ ልብ ወለድ ስለሆነ የታሪኩ ነገር አያሳስብም።

የመጀመሪያው «ዴድላንድስ» በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ሙታን ተነሥተው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንዲራዘም አደረገ፤ በባርነት ላይ የቆመው የደቡብ መንግሥትም በሕይወት ቆየ። ይባስ ብሎ ባሪያዎቹን በራሱ ፈቃድ ነፃ እንዳወጣ ተጻፈ። ይህ ከዞምቢው ይልቅ ለማመን የሚከብድ ነው፤ ትችቱም አልቀረም። ሠሪዎቹ በኋለኛው እትም የጨዋታውን ታሪክ ለውጠው የደቡቡን መንግሥት አፈረሱት፤ ሙታኑን፣ ካርታውንና ጆከሩን ግን እንዳሉ ተዉአቸው።