የተማሪዎች ጋዜጣ፦ ወረቀቱን ከድረ ገጹ ጋር ማጋባት

ከአትላንታ መሀል ከተማ በሀይዌይ 400 ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው የቻታሁቺን ወንዝ ሲሻገር ሮዝዌል ይደርሳል። ከተማዋ በፉልተን ካውንቲ ሥር ያሉ ሁለት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ ነባሩ ሮዝዌል ሃይስኩል እና እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው ሴንቴኒያል። በአሜሪካ በብዙ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ጋዜጠኝነት እንደ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተመዝግበው የሚማሩት፣ ማርክ የሚያዝበት ትምህርት ነው። ልጆቹ የሚያወጡት ጋዜጣም የክፍሉ ፈተና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ይህ ጋዜጣ ሁለት መልክ አለው፤ ወረቀትና ድረ ገጽ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ለአዋቂዎቹም አልቀለላቸውም። ታሪኩ ከ1868 የሚጀምረው የአትላንታ ትልቁ ጋዜጣ፣ አትላንታ ጆርናል ኮንስቲቲዩሽን፣ የወረቀት እትሙን በዲሴምበር 31 ቀን 2025 እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አስታወቀ። ታዲያ ትልልቆቹ የተዉትን ወረቀት የ16 ዓመት ልጆች ምን ያደርጉታል? እኔ ያትሙ ባይ ነኝ፤ ድረ ገጹ ላይ የወጣውን ግን ደግመው አያትሙ።

አገር ቤት የተማረ አንባቢ ነገሩን ከሚኒ ሚዲያ ያውቀዋል። በሰልፍ ወይም በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚነበበው ለዕለቱ ነው፤ የትኛው ክፍል አሸነፈ፣ ስብሰባው መቼ ነው፣ ምን ጠፍቶ ተገኘ። በግድግዳ ጋዜጣው የሚለጠፈው ግጥምና መጣጥፍ ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል፤ ቆሞ ለሚያነብ የተጻፈ ነው። የማጉያውን ዜና ቃል በቃል ገልብጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ክበብ አንባቢ አያገኝም። የሮዝዌሉ ተማሪም ፈተናው ይኸው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአንድ የዜና ዝርዝር ነው። ልጆቹን የድረ ገጽና የወረቀት ብሎ ለሁለት መክፈል ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አንዱ ሌላው የሠራውን ሳያውቅ ሁለት ጊዜ መልፋት ነው። የሚሻለው አንድ ሠንጠረዥ ይዞ በየርዕሱ ፊት ዛሬ የሚወጣውንና ለእትሙ የሚቆየውን መጻፍ ነው። የዓርብ ማታውን የፉትቦል ጨዋታ እንውሰድ። ውጤቱና ፎቶው በዚያው ሌሊት ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ከሳምንታት በኋላ ሲታተም ውጤቱን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ስለዚህ እትሙ ሌላ ይጠይቃል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ የሚመለሰው ማን ፈቅዶለት ነው? የመለያውና የመከላከያ ቆቡ ዋጋ ከማን ኪስ ይወጣል?

ወረቀት የራሱ ጠባይ አለው። ታጥፎ ስለሚታተም ገጹ አብዛኛውን ጊዜ በአራት በአራት ይቆጠራል፤ 8፣ 12፣ 16። ስምንቱ ገጽ ከሞላ በኋላ የመጣ ጥሩ ጽሑፍ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ሌላ አራት ገጽ ሙሉ ይፈለግለታል። መቁረጥ ያልለመደ ጸሐፊ የሚማረው እዚህ ነው። ድረ ገጹ ዳርቻ ስለሌለው ሁሉን ይቀበላል፤ ያ ደግነቱም ክፋቱም ነው። የሚያዋጣው መንገድ ለወረቀቱ የተጨመቀውን ጽሑፍ መስጠት፣ ሙሉውን ቃለ ምልልስ፣ ቪዲዮውንና ሰነዱን ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ነው። ድልድዩ ኪው አር ኮድ ይሆናል፤ በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ የመኪና መለዋወጫ ለመከታተል የተፈጠረችው ያች ባለ ነጥብ ካሬ። ከኮዷ አጠገብ ምን እንደሚገኝ አንድ መስመር ካልተጻፈ ግን ስልኩን የሚያወጣ የለም።

ፎቶም ያጣላል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያህል ያስፈልጋል። ለድረ ገጽ የተጨመቀውን ፎቶ መልሶ ወደ ወረቀት የወሰደ ልጅ የደበዘዘ የፊት ገጽ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል። ርዕሱም ይለያል። ወረቀት ላይ ፎቶው ስለሚያግዝ በቃላት መጫወት ይቻላል፤ ድረ ገጽ ላይ ግን አንባቢው ከፍለጋ ስለሚመጣ ስሙና ቦታው በርዕሱ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

የሕጉ ታሪክም ከኅትመት ጋር የተጠላለፈ ነው። በ1983 ሚዙሪ ውስጥ በሄዝልውድ ኢስት ሃይስኩል ርዕሰ መምህሩ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎችን አልወደዱም። የማተሚያው ቀን ስለደረሰ ለማረም ጊዜ የለም ብለው ሁለት ሙሉ ገጾች እንዲወጡ አዘዙ፤ በ6 ገጽ የታሰበው በ4 ገጽ ወጣ፣ ምንም ያልተባለባቸው ጽሑፎችም አብረው ቀሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በ5 ለ3 ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ካሊፎርኒያ ቀድሞውንም በ1977 የተማሪ ጋዜጠኞችን የሚጠብቅ ሕግ ነበራት፤ ከፍርዱ በኋላ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም አወጡ። ጆርጂያ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። ድረ ገጽ ቢኖር ኖሮ የማተሚያው ቀን ምክንያት ባልሆነ ነበር፤ ቅር ያሰኘው አንቀጽ በሰዓት ውስጥ ይታረም ነበር። በሌላ በኩል በድረ ገጽ የወጣን ጽሑፍ ድምፅ ሳያሰሙ ማንሣት ቀላል ነው፤ የተበተነን ወረቀት መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ለተማሪዎች ነጻነት ወረቀት ያለው ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወረቀቱንና ድረ ገጹን አብሮ የማስኬዱ ምሳሌ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥም አለ። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ከ1893 ጀምሮ የኖረው የተማሪዎች ጋዜጣ ሬድ ኤንድ ብላክ በ2011 ዕለታዊ ወረቀቱን ትቶ በየሳምንቱ እያተመ የዕለቱን ዜና ወደ ድረ ገጽ አዞረ። በዓመቱ፣ ኦገስት 2012፣ አዘጋጆቹ ቁጥጥሩ ከእጃችን እየወጣ ነው ብለው ሥራ ለቀቁ፤ ከቀናት በኋላም ተመለሱ። ከሮዝዌል ቅርብ ደግሞ አትላንታ ከተማ ውስጥ የሚድታውን ሃይስኩል ጋዜጣ ዘ ሳውዘርነር ሁለቱንም ይዞ ይሠራል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ማስቀመጡ ነው። በኖቬምበር 1969 የአዲስ አበባ ተማሪዎች መጽሔት ስትራግል ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን አወጣ። ተወደደም ተጠላም፣ ያ የተማሪ ጽሑፍ ዛሬ በስክሪን ይነበባል፤ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ባይታተምና ሰው ባያስቀምጠው አይገኝም ነበር። የሃይስኩል ድረ ገጽ ግን በየዓመቱ የሚታደስ የአድራሻ ክፍያ አለበት። አድራሻው በአንድ ተመራቂ ተማሪ የግል ኢሜይል ከተመዘገበ ልጁ ኮሌጅ በገባ ማግስት የአራት ዓመት ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ምዝገባው በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን፤ የእያንዳንዱ እትም ፒዲኤፍ ድረ ገጹ ላይ ይውጣ፤ ሁለት ቅጂ ወረቀትም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ።

ሮዝዌልና አካባቢው ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ወረቀቱ ካፍቴሪያ ስለሚቀር ቤታችሁ ላይደርስ ይችላል። ሊንኩን ከልጃችሁ ጠይቁና አንብቡ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ማስታወቂያ ይቀበሉ እንደሆነ የጋዜጣውን መምህር አነጋግሩ፤ የማተሚያውን ሒሳብ ለመክፈል ያግዛቸዋል።