በቦርዶ ከተማ ያለው የወይን ጠጅ ቤተ መዘክር

ቤተ መዘክር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በመስታወት ሣጥን የተዘጋ አሮጌ ዘውድ፥ የዛገ ጎራዴና «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ነው። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ የሚገኘው የወይን ጠጅ ቤተ መዘክር ግን ጎብኚውን «አሽት፤ ቅመስ» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ቤት ምን እንደሚታይ፥ ቅምሻውም እንዴት እንደሚፈጸም፥ ከዚህም ሁሉ አንድ ተማሪ ምን ሊማር እንደሚችል በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ «ሲቴ ዱ ቫን» ይባላል፤ ትርጓሜውም የወይን ጠጅ ከተማ ማለት ነው። የተከፈተው በ2016 በጋሮን ወንዝ ዳር ሲሆን፥ ንድፉን ያወጡት አኑክ ሌዣንድርና ኒኮላ ዴማዚዬር የተባሉ አርክቴክቶች ናቸው። ሕንጻው 55 ሜትር ከፍታ አለው። በብርጭቆ ውስጥ የሚዞረውን ወይን ጠጅና የወንዙን አዙሪት እንዲያስታውስ ተብሎ ስለ ተሠራ፥ ጎኑ ሁሉ ተጠማዝዞ ይታያል። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ «ግንበኛው ራሱ ቀምሶ ነበር እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ወደ ውስጥ የገባ ጎብኚ በጆሮው የሚያደርገው መሣሪያ ይሰጠውና በመረጠው ቋንቋ ማብራሪያ እየሰማ ይዘዋወራል። የልዩ ልዩ አገሮችን የወይን ማሳዎች በፊልም ያያል። በአንድ ስፍራ ደግሞ ልዩ ልዩ ጠረን ያላቸውን ነገሮች እያሸተተ አፍንጫውን ያሠለጥናል። ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚሠራም ይማራል፤ ይኸውም እርሾው በጭማቂው ያለውን ስኳር ወደ አልኮል የመለወጡ ነገር ነው። ቀዩ ወይን ጠጅ ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከነልጣጩ ስለሚፈላ እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። የፍሬው ሥጋማ ባብዛኛው ነጣ ያለ ነው።

ይህ ቤት በቦርዶ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1152 የአኪቴን ወራሽ ኤሌኖር በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን ስላገባች፥ አገሩ እስከ 1453 ድረስ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተሳስሮ ኖረ። በዚህም የተነሣ የቦርዶ ወይን ጠጅ በመርከብ ወደ ሰሜን እየተጫነ ሰፊ ገበያ አገኘ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ላይ ግን ከአሜሪካ የመጣ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ተባይ የወይኑን ሥር እየመጠጠ የፈረንሳይን ማሳ አጠፋው። መድኃኒቱም ከዚያው ከአሜሪካ ተገኘ። ተባዩን የሚቋቋመውን የአሜሪካ ወይን ሥር ተክለው፥ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ቆርጠው በላዩ ላይ አጣበቁት። ዛሬም አብዛኛው የቦርዶ ወይን የቆመው በዚህ ዓይነት በባዕድ ሥር ላይ ነው። ነገሩ ከእኛም እጅግ የራቀ አይደለም፤ የቦርዶው የካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያውን ምርት ለገበያ አቅርቧል።

አሁን ወደ ቅምሻው እንምጣ። በአገራችን ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው፥ መጠጡ ከመርዝ ንጹሕ መሆኑን ለጌታው ለማረጋገጥ ነው። የቦርዶው ቅምሻ ግን ዕውቀት መሻት ነው፤ ሥርዓቱም ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በነጭ ነገር ላይ ማየት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳልና ዓይን ዕድሜውን ይገምታል። ሁለተኛ ብርጭቆውን አዙሮ ማሽተት ነው። ሦስተኛ ትንሽ ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማንከባለል ነው። ያን ጊዜ ኮምጣጣነቱና ጣፋጭነቱ ይለያል፤ ከልጣጩና ከፍሬው የሚመጣው ታኒን የተባለው ነገር ደግሞ ድድን ያደርቃል። ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው የተጎነጨውን በተዘጋጀለት ዕቃ ውስጥ ይተፋዋል። ይህም እንደ ነውር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ሳይተፋ አሥር ብርጭቆ የቀመሰ ሰው በአሥራ አንደኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ አይታመንም።

ከዚህ ሥርዓት የሚገኘው ትልቁ ትምህርት በስም አለመታለል ነው። በ1855 በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፥ የቦርዶ ደላሎች ታዋቂዎቹን ቀይ ወይን ጠጆች በገበያ ዋጋቸው መሠረት በአምስት ማዕርግ ከፈሏቸው። ይህ ማዕርግ ከጥቂት ለውጥ በቀር እስከ ዛሬ ጸንቷል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀማሾች ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነው ይቀምሳሉ፤ ዓይን ያነበበውን ስም ምላስ ወዲያው ማመስገን ይወዳልና።

የሆነ ሆኖ ምላስ የማይነግረን ነገርም አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ጠጅና ዱቄት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች እየላኩ ስኳርና ቡና ያስመጡ ነበር። ስኳሩንና ቡናውን በተለይ ዛሬ ሃይቲ በተባለው አገር ያመርቱ የነበሩት ከአፍሪቃ በግፍ የተወሰዱ ባሮች ናቸው። ከዚሁ ወደብ የተነሡ መርከቦችም ከ400 በላይ ጉዞ አድርገው ከ100,000 የሚበልጡ አፍሪቃውያንን አጓጉዘዋል። ዛሬ የምናደንቃቸው የወንዙ ዳር ውብ ሕንጻዎች ከዚህ ንግድ ብዙ ተጠቅመዋል። ይህን ታሪክ ለመማር የሚሻ ሰው በዚያው ከተማ ወዳለው ወደ አኪቴን ቤተ መዘክር መሄድ አለበት፤ በዚያ ከ2009 ጀምሮ ስለ ባሪያ ንግድ የተዘጋጁ ቋሚ ክፍሎች ይታያሉ።

ጎብኚው በሲቴ ዱ ቫን ጉብኝቱን የሚፈጽመው በስምንተኛው ፎቅ ላይ ነው። በዚያም በመግቢያው ዋጋ ውስጥ የተካተተ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ይቀርብለታል፤ ለልጆች ደግሞ የወይን ጭማቂ አለ። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት ጋሮን ደፍርሶ ሲወርድ ያያል። በርሜሉም፥ ስኳሩም፥ ወደ አፍሪቃ ያቀኑት መርከቦችም የተጓዙት በዚሁ ውኃ ላይ ነው። እኔ አፍሪቃዊው ተማሪ ያንን ብርጭቆ አይቅመስ አልልም። ነገር ግን አንዱን ጉንጭ ሳይፈርድበት ይህን ያህል የሚያየውና የሚያሸተው ሰው፥ ከተማይቱንም በዚያው ትዕግሥት ይመርምራት፤ ከሁለቱ ቤተ መዘክሮች አንዱን ብቻ አይቶ «ቦርዶን ዐወቅሁ» አይበል።