የእርሳስ መርዝ ከሰውነት ሲወጣ የሚመጣውን የስሜት መለዋወጥ እንዴት እንቋቋመው?

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው።

የማገለግልባት አዘዞ ከጎንደር መሃል ከተማ በስተ ደቡብ የምትገኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለባት፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ስፍራ ናት። መኪና በሚበዛበት ጋራዥ ይበዛል፤ ጋራዥ ባለበት ደግሞ አሮጌ ባትሪ ፈትቶ የሚያድስ ሰው አይጠፋም። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ነው። ለብዙ ዓመታት ዝምተኛና ታጋሽ ሆኖ የማውቀው ይህ ወንድም በአንድ ወቅት ጠባዩ ተለወጠብን። በባለቤቱ ላይ ይጮኻል፤ ልጆቹ ሲስቁ ይቆጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ደግሞ የሚናገረው ይጠፋበታል።

ባለቤቱ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። እኔም ጠርቼ ስለ ቁጣ አስተማርሁት፤ ንስሐ እንዲገባና ሦስት ቀን እንዲጾም መከርሁት። እሺ ብሎ ታዘዘኝ። ጾሙን የጾመው ግን ሥራው ላይ ሆኖ፣ እርሳስ እያቀለጠ ነበር። ከወራት በኋላ የሆድ ቁርጠቱና የእጁ መዛል ሲጠናበት ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ደሙ ሲመረመር እርሳስ ከመጠን በላይ ተገኘበት። ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ይልቅ እርሳስን አብዝቶ ወደ ደም እንደሚያስገባ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ምክሬ ቅን ነበር፤ ሆኖም ጎድቶታል።

ሕክምና ከጀመረ በኋላም ነገሩ ባንዴ አልተስተካከለም። አንድ ሳምንት ደኅና ይሆናል፣ በሚቀጥለው ይከፋዋል። «መድኃኒቱ ነው ያበላሸኝ፤ ልተወው» ያለበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ወይም በጉባኤያችሁ ካለ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ ታማሚ ከሆናችሁ፣ የሚከተለውን በትዕግሥት እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

እርሳስ ስሜትን የሚነካው እንዴት ነው?

እዚህ ላይ እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። እንግሊዝኛው ሊድ የሚለውን፣ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ይህ ብረት ሲቀልጥ በጢስ፣ ሲፈጭ በአቧራ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ይገባል። በድሮ ቀለምና በአንዳንድ የኩል ዓይነቶችም ይገኛል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ የሚወስን ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

እርሳስ ሰውነትን የሚያታልለው ካልሲየምን በመምሰል ነው። ካልሲየም አጥንትን ከመገንባቱ ሌላ የአንጎል ነርቮች መልእክት እንዲለዋወጡ ይረዳል። እርሳስ በእርሱ ቦታ ሲገባ መልእክቱ ይዛባል። መነጫነጭ፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመርሳትና ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር የሚመጡት ከዚህ ነው። ሌሎች ከባድ ብረቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ባርኔጣ የሚሠሩ ሰዎች ሜርኩሪ (ባዜቃ) ሲጠቀሙ ዓይን አፋርና ቁጡ ይሆኑ እንደነበር ሐኪሞች መዝግበዋል። እነዚያ ሰዎች በአንድ ሙያ ተሰብስበው ባንድነት ክፉ አልሆኑም፤ ተመርዘው ነበር።

ሕክምናው ምን ይሠራል?

የመጀመሪያውና ትልቁ ሕክምና ከመርዙ መራቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘበት ሰው የመርዙ ምንጭ ተፈልጎ እንዲቋረጥለት ይመክራል። መድኃኒት የሚሰጠው መጠኑ ከፍ ሲል ነው፤ ለምሳሌ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች መጠኑ 45 ሲደርስ ነው። ለአዋቂዎች ሐኪሙ መጠኑንም ምልክቱንም አይቶ ይወስናል።

መድኃኒቶቹ በሐኪሞች ቋንቋ የቺሌሽን መድኃኒቶች ይባላሉ። ቃሉ የመጣው የሸርጣንን መቆንጠጫ ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ነው። ሰክሲመር፣ ፔኒሲላሚን እና ካልሲየም ኢዲቲኤ የሚባሉት መድኃኒቶች ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ እንደ መቆንጠጫ ይዘው በሽንት ያስወጡታል።

ችግሩ ደም ውስጥ ያለው ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከመቶ 90 የሚበልጠው የተቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው፤ በዚያም ለብዙ ዓመታት ይኖራል። መድኃኒቱ ደሙን ሲያጸዳ አጥንት ያጠራቀመውን ቀስ በቀስ መልሶ ወደ ደም ይለቅቃል። ስለዚህ የደሙ መጠን ከወረደ በኋላ እንደገና ከፍ ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱም እያረፉ በዙር የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ስሜት ለምን ይወጣል ይወርዳል?

አንደኛ፣ የተጎዳው ነርቭ የሚያገግመው ከደሙ ይልቅ በዝግታ ስለሆነ ነው። የምርመራው ወረቀት «ቀንሷል» እያለ ሰውየው ግን ገና ሊበሳጭ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የሰውነት ሽፍታ ሊያመጡ ይችላሉ። ሰክሲመር ደስ የማይል ሽታ አለው። የማይበላና የማይተኛ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይከፋዋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ይቆማል። ከመርዙ ራቅ የተባለ ባትሪ አዳሽ ከእንጀራው ራቅ ተብሏል ማለት ነው። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይቆምም። ከጭንቀቱ የሚበዛው ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ኪኒን የለውም።

ታማሚው ምን ያድርግ?

1. መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ስሜታችሁ ሲከፋ ለሐኪሙ ንገሩት። መጠኑን የሚቀንሰው፣ የሚለውጠው ወይም የሚያሳርፈው እርሱ ነው። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ቀጠሮም እንዳያመልጣችሁ።

2. ቀኑን መዝግቡ። በአንድ ደብተር ላይ መድኃኒት የወሰዳችሁበትን ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ምን እንደበላችሁና ስሜታችሁ እንዴት እንደዋለ በአንድ መስመር ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፉው ቀን መቼ እንደሚመጣ ታያላችሁ። እንደሚያልፍ የሚታወቅ ቀን ደግሞ ሲመጣ ያን ያህል አያስፈራም።

3. በልታችሁ ዋሉ። ካልሲየምና ብረት የጎደለው ሰውነት እርሳስን አብዝቶ ይቀበላል። ወተት፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ ምስርና ሽሮ በቤታችን ያሉ ናቸው። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ይሁን ከምግብ ርቆ ግን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ለምሳሌ ፔኒሲላሚን የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው።

4. ስለ ጾም ሐኪሙን አማክሩ። የጸሎት ጊዜያችሁን ማንም አይወስድባችሁም። ከእህል መከልከሉን ግን እስክትድኑ አቆዩት። ይህን የምለው ስሕተቱን አስቀድሜ የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

5. ቁጣው ሲመጣ ቦታ ለውጡ። «አሁን ደኅና አይደለሁም፤ ወጣ ብዬ ልመለስ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከቤተሰባችሁ ጋር ተስማሙባት። ሕመም ቁጣውን ያስረዳል እንጂ እጅ ማንሣትን አይፈቅድም። ያስቀየማችሁትንም ሰው ይቅርታ ጠይቁ።

6. የሥራ ልብሳችሁን ወደ ቤት አታምጡ። ቱታውና ጫማው እዚያው ይቅር፤ እጃችሁንና ፊታችሁን ታጥባችሁ ግቡ። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ ባለ አንድ ሰፈር ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ በማውጣት ሥራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ልጆቻችሁንና ነፍሰ ጡር የሆነች ባለቤታችሁንም አስመርምሩ።

ቤተሰብና ቤተ ክርስቲያንስ?

የተለመደው ጥያቄያችን «ምን ኃጢአት ሠራ?» ወይም «ምን ያዘው?» የሚል ነው። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን አስቀድሞ የተሰጠው ምን እንደነበረ እናስታውስ። እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር፤ የተጠየቀው በኋላ ነው። የደከመን ሥጋ ሳናይ ነፍስን ብቻ የምንመረምር ከሆነ እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንደግማለን።

እንግዲህ ለታማሚው በሩን ዘግተን ከምንመክር ይልቅ ሽሮና ዘይት ይዘን እንሂድ። ቀጠሮው ላይ አብሮት የሚሄድ ወንድም ይመደብለት። ባለቤቱንም አንርሳ፤ የቁጣው ዱላ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነውና ልቧን የምታፈስበት እኅት ትፈልጋለች። ሕክምናውን እስኪጨርስ ሌላ ሥራ የሚያስይዘው ምእመን ቢገኝ ደግሞ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ጸሎታችንም ይቀጥል፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከባድ ራስ ምታት፣ የማያቆም ትውከት፣ መቀባዠር፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት ወይም ሰውነትን የሚያለብስ ሽፍታ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለም ቃሉን አታቃልሉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ በግልጽ ጠይቁትና ይዛችሁት ሂዱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ወደዚያ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

«መርዝ እናወጣለን» ከሚሉ ተጠንቀቁ

ዛሬ ሰውነት እናጸዳለን እያሉ ዱቄት፣ ጠብታና የእግር መንከሪያ የሚሸጡ ብዙዎች ናቸው። ያለ ደም ምርመራ መርዝ አለብህ የሚላችሁን አትመኑ። እውነተኛው መድኃኒትም ቢሆን ባልሠለጠነ እጅ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት እርሳስ ሳይመርዘው፣ ኦቲዝምን ይፈውሳል ተብሎ ኢዲቲኤ የተሰጠው የ5 ዓመት ልጅ ሞቷል። የተሰጠው ካልሲየም ያለበት ሳይሆን ስሙ የሚመሳሰለው ሌላው ዓይነት ነበርና የደሙን ካልሲየም አሟጠጠው።

ያ ወንድም ዛሬ ባትሪ አይነካም። እንቅልፉ ተመልሷል፤ እጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠናም። አልፎ አልፎ ይከፋዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ደብተሩን ገልጣ «ባለፈው ወርም እንዲህ ብለህ ነበር፤ አለፈ» ትለዋለች። ይቅርታ ስጠይቀው «ፓስተር፣ አንተም አላወቅህም፤ እኔም አላወቅሁም» አለኝ።

አሁን ግን እኔም እናንተም አውቀናል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወንድም ወይም እኅት ስታዩ፣ ከመገሠጻችሁ በፊት «ሥራህ ምንድን ነው? ተመርምረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጌታ ይባርካችሁ።