የዋንዛ ካቢኔት ለማሠራት ላሰበ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ዋንዛን የማያውቅ የለም። ገበሬው በበቆሎ ማሳው መሃል ዙሪያውን እያረሰ ያቆየዋል። አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለልጆች ነው፤ ግንዱ ከበሮ ይሆናል፣ ገበቴ ይሆናል፣ በር ይሆናል። የኩሽና ካቢኔት በተፈጥሮ እንጨት ላሠራ የሚል ሰውም ቀድሞ የሚያስበው ዋንዛን ነው። ምርጫው መልካም ነው። ነገር ግን ስለ እንጨት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ሁሉ አይታመንም፤ አርባ ዓመት የቆመ ዛፍ በተሳሳተ ምክር ተሠርቶ በሁለት ክረምት ተጣሞ ማገዶ ሲሆን ማየት ያስቆጫል።

«ዋንዛ ከሆነ ምስጥ አይነካውም»

ግማሹ እውነት ነው። ምስጥን የሚያስቸግረው የዋንዛ ልብ እንጂ ዋንዛ ሁሉ አይደለም። ግንዱ ሲሰነጠቅ መሃሉ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ዙሪያ ደግሞ ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል። ነጩ ክፍል ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ወደ ላይ የሚያሳልፍበትና ምግቡን የሚያከማችበት ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል፤ ምስጥም ያለ ችግር ይበላዋል። ልቡ ግን ዛፉ ዕድሜ ሲጠግብ ነፍሳት የማይስማሟቸውን ንጥረ ነገሮች ያጠራቀመበት ነው። በለጋነቱ የተቆረጠ ዋንዛ ብዙ ልብ የለውም።

ስለዚህ ጣውላውን ቀለም ሳይነካው እዩት። ቡናማ ቀለምና ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ነጩን ከልቡ፣ ዋንዛውን ከሌላ እንጨት መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ቢኖር አልከለክልም፤ ለመሬት የሚቀርበው የታችኛው ክፍል ግን ከልቡ ብቻ ይሠራ። ምስጥ ከአፈር ነውና የሚመጣው፣ ካቢኔቱን በሲሚንቶ መደብ ላይ ማስቀመጥ ወይም እግር ማውጣት ከየትኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

«ግንዱ ሦስት ዓመት ተጋድሞ ቆይቷል፤ ደርቋል»

ብዙ ካቢኔት የሚበላሸው በዚህ አባባል ነው። ከነቅርፊቱ የተጋደመ ግንድ ውጪው ይደርቅና ይሰነጠቃል እንጂ ውስጡ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። እንጨት የሚደርቀው ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላ ነው፤ የማድረቂያው ጊዜም ከዚያን ዕለት ይቆጠራል።

በእንጨት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ በቱቦዎቹ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይቀየርም። ሁለተኛው በጭረቶቹ ግድግዳ ውስጥ የሰረጸው ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መውጣት የሚጀምረው ይህ ሁለተኛው ሲሆን መኮማተርም ያኔ ይጀምራል። መኮማተሩ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ ግን ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጣውላ የሚጣመመው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። አናጢው ምንም ቢጠበብ፣ እርጥብ ጣውላ ካቢኔት ከሆነ በኋላ መድረቁን ይቀጥላል፤ በሩ አይገጥምም፣ መሳቢያው ይያዛል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል።

ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። በምዕራብ ጎጃም አየር እዚያ ለመድረስ የበጋውን ወራት መጠቀም ያስፈልጋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግንዱን ማሰንጠቅ፤ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ማለያያዎች እያስገቡ ጥላ ሥር መደርደር፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው መከለል፤ ከላዩ ክብደት መጫን፤ ጫፍ ጫፉን ቀለም መቀባት፣ ምክንያቱም እርጥበት በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወፍራም ጣውላ አንድ በጋ አይበቃው ይሆናል። ሠርግ ወይም የቤት ምርቃት ደርሶብኛል ብሎ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያወጣል።

መድረቁን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመሃሉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ መዝኑ፤ ከ100 ዲግሪ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና እንደገና መዝኑ። መጀመሪያ 560 ግራም ኖሮ 500 ላይ ከቆመ፣ የጠፋው 60 ግራም ለ500 ሲካፈል 12 በመቶ ይሆናል። ጣውላው ለሥራ ደርሷል። 650 ኖሮ 500 ላይ ከቆመ ግን 30 በመቶ ነው፤ መኮማተሩን ገና አልጀመረም።

«ጥሩ እንጨት ከሆነ አይንቀሳቀስም»

የደረቀውም ይንቀሳቀሳል። በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ዋንዛ በዚህ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ባህሪው ግን ከእንጨትነት አይወጣም። ለዚህ ነው ጥሩ አናጢ የካቢኔት በር ሲሠራ ክፈፉን አጥብቆ፣ የመሃሉን ሳንቃ ግን በተቆፈረለት ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ የሚያስቀምጠው። ሳንቃው እንደ ወቅቱ ሰፋ ጠበብ ይላል፣ ክፈፉን አይገፋውም። መሃሉ ዙሪያውን በኮላና በምስማር የታሰረ በር ካያችሁ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

«ቫርኒሽ ካለው ውሃ አይገባውም»

ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገያል፣ አይከለክልም። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው። ፊቱ ተሸፍኖ ጀርባው ባዶ የሆነ በር በአንድ ጎኑ ብቻ እርጥበት ይስባልና መቆልመሙ አይቀርም። ጀርባውም፣ የመደርደሪያው ሥርም፣ በተለይም የተቆረጡት ጫፎች ሁሉ ይቀቡ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ክፍል ደግሞ የጀርባ ሳንቃ ባይኖረው ይሻላል፤ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ቶሎ ይታያል።

የተልባ ዘይት መቀባትም ይቻላል። ተልባ አየር ሲያገኝ የሚጠነክር ዘይት ስለሆነ ለእንጨት የቆየ ቅባት ነው፤ ጥሬው ግን ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ በስሱ እየቀቡ መጠበቅ ነው። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫልና የተጨማደደ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

«ባህር ዛፍ ለካቢኔት አይሆንም»

እዚህ እንደሚቆረጠው ከሆነ አባባሉ ልክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ በእኛ አገር በአብዛኛው ለአጣናና ለማገዶ በለጋነቱ ይቆረጣል፤ ለጋ ግንድ ደግሞ በውስጡ ውጥረት ስላለው መጋዝ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። በብራዚልና በአውስትራሊያ ግን በሚገባ ያደገው ተሰንጥቆ በማድረቂያ ክፍል ከደረቀ በኋላ የቤት ዕቃ ይሠራበታል። እኛ ዘንድ ለውስጥ መደርደሪያና ለመሳቢያ ርካሽ እንጨት የሚፈልግ ሰው የፈረንጅ ጥድን ወይም ግራቪሊያን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

«የተፈጥሮ እንጨት ጤና ነው፣ ኤምዲኤፍ መርዝ ነው»

ኤምዲኤፍና ቺፑድ በሚጣበቁበት ኮላ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የሚወጣው መጠን ግን እንደ ደረጃው ይለያያል፣ ጠርዙ በደንብ የታሸገ ሰሌዳም ያን ያህል አይለቅም። በሌላ በኩል ያው ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝንም በዚሁ ምድብ አስገብቶታል። ዋንዛውን ቀኑን ሙሉ የሚልገው አናጢ አፍና አፍንጫውን ካልሸፈነ አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ለሠራተኛው መናገር የባለቤቱም ኃላፊነት ይመስለኛል። እኔ ዋንዛን የምመርጠው ሲቧጨር ስለሚላግ፣ ሲሰበር ስለሚጠገን ነው። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድ ወደ ቦታው አይመለስም።

«የራሴ እርሻ ላይ ያለ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?»

አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በገበሬው ማሳ ላይ የበቀለው ከደን ዛፍ የተለየ ነው፤ ነገር ግን ጣውላ ከቦታ ወደ ቦታ ለማንቀሳቀስ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት የተጫነ ዋንዛ ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል፤ ወረቀት የሌለው ጣውላ ከጫካ አለመምጣቱንም ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ዛፉ ከየትኛው ቀበሌ እንደተቆረጠ፣ መቼ እንደተሰነጠቀና ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ጠይቁት።