ደጋ ዘንቦ ቆላ ሲጥለቀለቅ

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ል. አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፉን ያመጣው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የጣለ ከባድ ዝናብ ነበር።

ስለዚህ ቆላ የምንኖር ሰዎች ሰማያችን ጠርቷል ብለን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አንተኛ፤ ከብትም አናሳድር። ደጋው ከጠቆረ ወይም ወንዙ በድንገት ከደፈረሰ ልጆችንና አረጋውያንን ይዘን ወዲያው ወደ ከፍታ እንውጣ። ጎርፍ ከጉልበት በታች ቢሆንም አንሻገር። ደጋ ያሉ ዘመዶቻችንም ዝናቡ ሲከብድ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውለው ይንገሩን።

«ቀደር ነው» ብሎ መቀመጥ ተወኩል አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት አዘውታል። እኛም ሰበቡን አድርሰን እንመካ። ወሰላሙ ዐለይኩም።