ሦስት ቀን በሶዶ ገበታ

ከመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች አንዱ በቅርቡ ዛንዚባርን አይቶ ተመልሷል። ከተመለሰ ወዲህ ከእርሱ ጋራ ምሳ መብላት አስቸጋሪ ሆኖብናል። ሽሮው ሲቀርብ ስለ ኮኮናት ወተት፣ ጥብሱ ሲቀርብ በስቶን ታውን የባሕር ዳር መናፈሻ ማታ ማታ ስለሚጠበሰው ዓሣ፣ ሻዩ ሲመጣ ደግሞ ስለ ደሴቲቱ ቅርንፉድ ይተርክልናል። አንድ ቀን ትዕግሥታችን ቢያልቅ፤ «ለመሆኑ ወላይታ ምን ይበላል?» ብለን ጠየቅነው። «ጥሬ ሥጋ» አለና ወዲያው ወደ ደሴቱ ተመለሰ።

በልባችን ሳቅንበት። ቆየት ብለን ስናስበው ግን እኛም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረንም። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ከወላይታ ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል ተኝተናል፤ በአንድ ሳሕን በልተናል፤ እናቶቻቸው ምን እንደሚሠሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ የሥራ ጉዳይ ወደ ሶዶ ሲጠራን ከአንድ ባልደረባችን ጋራ ተማከርን፤ ውሎ አበላችን እስከ ፈቀደ ድረስ የአገሩን እንጂ የአዲስ አበባን ምግብ ላንበላ ተስማማን።

ወደ ሶዶ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በሻሸመኔና በአላባ ይዞራል፤ እኛ የሄድንበት በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በአረካ ያልፋል። ከጉራጌ አገር ጀምሮ እንሰት ከመንገደኛው አይለይም። የወላይታ ገበሬም እንሰቱን የሚተክለው ራቅ ካለ ማሳ ሳይሆን ከቤቱ አጠገብ ነውና ቤቱ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጣራው ብቻ ይታያል። ዳሞታ ተራራ በጉም ተከናንቦ ብቅ ሲል ሹፌሩ «ደረሳችሁ» አለን። ሶዶ ከዚያ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስለ ሆነች እንደ እኛ ወረቀት በቦርሳ የያዘ መንገደኛ ብርቋ አይደለም።

ያረፍንበትን አልቤርጎ ስም አንጠራም። አልጋው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነበረ፤ ውሃው ግን እኛ ስንተኛ ይመጣል፣ ስንነቃ ይሄዳል። ማታ ለእራት ተቀምጠን አስተናጋጇን «እኅቴ፣ የዚህ አገር ምግብ ምን አላችሁ?» አልናት።

«ሁሉም አለ። ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፓስታ፣ እንቁላል . . .»

«የወላይታ ማለታችን ነው።»

«ሙቿ ነው የምትሉት? እሱማ የቤት ነው። እንግዳ አይጠይቀውም።»

«ይኸው ጠየቀ!»

ሳቀችና ጥብሱን አመጣች። ከጎንደር እስከ ሞያሌ ያው አንድ ጥብስ! ዛንዚባር የሄደው ወዳጃችን ገና ከመድረሱ የአገሩን ምግብ በግድ በሚያቀምሱት ሰዎች ተከቦ ነበረ፤ እኛ አገር ግን እንግዳው አይጠይቅም ተብሎ አይሠራም፣ ስላልተሠራም እንግዳው አይጠይቅም። ባህላዊ ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በከተማው መኖራቸውን የሰማነው በማግሥቱ ነው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ጥሬ ሥጋውን በሁለተኛው ቀን በላን። የወላይታ በሬ ዝናው ከንቱ አይደለም፤ ገበሬው ከቤቱ አስሮ፣ የስኳር ድንች ሐረግና የእንሰት ቅጠል እየቆረጠ፣ በእጁ እያበላ ያደልበዋል። ዳሩ ግን እኛን ያስደነቀን ሥጋው ሳይሆን ከጎኑ በትንሽ ሳሕን የቀረበው ዳጣ ነው። ቃሪያ ወይም በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች ጋራ በድንጋይ ላይ ይፈጫል። የአዲስ አበባ አዋዜ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ዳጣ ግን በሩን ሳያንኳኳ ነው። ባልደረባችን በአንድ ጉርሻ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የሥጋ ቤቱ ባለቤት «ዝንጅብሉ ነው፣ ይለቅዎታል» ብሎ አጽናናው። በ2004 ዓ.ም. የገባው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በዚህ አገር ስንቱን ገበሬ እንዳከሰረ ያጫወተንም እርሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣን። ቦርዴ የሚሸጡ ሴቶች እንስራቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ቦርዴን ጠላ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ይሳሳታል። ጌሾ የለበትም፣ ከበቆሎና ከሌላ እህል በብቅል ይጠመቃል፤ ወፍራም ነው፤ ስካሩም ቀላል ነው። ተጠምቆ አይቀመጥም፤ ለነገ ካሳደሩት ይኮመጥጣልና በትኩሱ ያልቃል። ከአጠገባችን የተቀመጠ ተሸካሚ አንድ ቅል በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ አፉን ጠረገና «ምሳዬን በላሁ» አለን። ቀልድ መስሎን ነበረ። እኛም አንድ አንድ ቅል ጠጥተን እስከ ማታ ሳይርበን ስንቀር ሰውዬው እውነቱን እንደ ነበረ ገባን።

ሙቿ ግን ገና አልተገኘም። በመጨረሻ ያዳነን ሌሊት ሌሊት የአልቤርጎውን መዝገብ የሚጠብቅ ወጣት ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ክረምቱን ለመጽሐፍ መግዣ እንዲሆነው ይሠራል። «ከእናቴ ቤት በቀር የትም አልወስዳችሁም» አለና በሦስተኛው ቀን በዳሞታ ተዳፋት በጭቃ እየተንሸራተትን ወሰደን። በዚሁ ተራራ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከ50,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበት የድንጋይ መሣሪያዎቻቸው ተገኝተዋል። እኛ ግን ያን ዕለት ስለ ቀድሞዎቹ ሰዎች ለመመራመር በጣም ርቦን ነበረ።

እናቲቱ በወላይትኛ «ሳሮ» ብለው ተቀበሉን። ቆጮው ከጉድጓዱ ወጥቶ ተዘጋጅቷል። የእንሰት ሥራ የሴት ሥራ ነው፤ ግንዱን በቀርከሃ ፍቀው፣ ሥሩን ፈጭተው፣ በቅጠል ጠቅልለው ከቀበሩት በኋላ ለወራት ይብላላል። እህል በዝናብ ማጣት ሲጠፋ እንሰት ቆሞ ይጠብቃልና በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ በእርሱ ይኖራል ይባላል። በከተማ ግን «የድሃ ምግብ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

እናቲቱ ከመደርደሪያ አንድ የሸክላ ዕቃ አወረዱ። ክዳኑ ታስሮ ነበረ። ልጁ ዝም አለ። ዕቃው ሲከፈት ቅቤ መሆኑን አየን፤ ለጊፋታ የተጠራቀመ ቅቤ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ለእርሱም ወንዶች ለበሬው ገንዘብ፣ ሴቶች ለገበታው ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያን ዕቃ ለሁለት የማያውቋቸው የመንግሥት ሠራተኞች መክፈት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስላት ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም።

«እማማ፣ ያለ ቅቤ ይበቃናል» አልን። ልጁ አልተረጎመልንም። «አትከልክሏት፤ ታዝናለች» አለን በዝግታ።

ሙቿው በቅቤ ርሶ ቀረበ፤ ዳጣውም ከጎኑ። እንዴት እንደ ጣፈጠን ለመግለጽ አንሞክርም፤ ዛንዚባር የሄደውን ወዳጃችንን እንዳንመስል እንሰጋለንና። ስንበላ እናቲቱ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ልጁ ተረጎመው፤ «አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ይህን ይበላሉ ወይ ትላለች።» ባልደረባችን «አዎን፣ ይበላሉ» አለ። እኛ ራሳችን ከሦስት ቀን በፊት ስሙን እንኳ እንደማናውቀው ትዝ ብሎን ዓይናችንን ወደ ሳሕኑ አደረግን።

ከምግብ በኋላ ጓሮውን አሳዩን። ከእንሰቶቹ መካከል ባዶ ጉድጓዶች ነበሩ። አጠውልግ እንሰትንም ይይዛል፤ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ የታመመው ተነቅሎ ይወገዳል፣ የቆረጠውም ቢላዋ በእሳት ካልተለበለበ ጤነኛውን ይበክላል። እናቲቱ የነቀሏቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ አሳዩን። አምስት ናቸው። አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ከነገሩን በኋላ የበላነው ሁሉ ከበደን።

ስንሰናበት ገንዘብ እንዳንሰጥ ልጁ አስጠንቅቆን ነበረ። እኛ ግን ብልሆች ነን ብለን ብሩን ከሳሕኑ ሥር ደብቀን ወጣን። ገና ከአጥሩ ሳንርቅ እናቲቱ በጭቃው ላይ እየተጣደፉ ደረሱብን፤ ብሩን በኪሳችን መልሰው ከተቱ፤ በሌላው እጃቸውም አንድ የውሃ ጠርሙስ ሙሉ ዳጣ ሰጡን። «ጋላታይስ» ማለትን ለዚያ ጊዜ ነበረ ያጠናነው፤ አፋችን ተሳስሮ በአማርኛ አመሰገንን።

ጠርሙሱ ክዳኑ አልጠበቀም ኖሮ ከአረካ በኋላ በቦርሳችን ውስጥ ፈሰሰ። ሸሚዙ ታጥቦ ለቀቀ። የአልቤርጎው ደረሰኝ ግን ከቀይነቱ ጋራ ለሒሳብ ሹማችን ቀረበ። እርሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ምሳ ሰዓት ስለ ነበረ ይሆናል፤ አልተቆጡንም። «ይህን የት ነው የሚሸጡት?» ብለው ጠየቁን።